የ1997፣ የ2002፣ የ2007 እና የ2013 ምርጫ ውጤት በአንድ ሠንጠረዥ፦ የጎንደርን የምርጫ ክልሎች እንዴት እናያይዛቸው?

አንገረብ_ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክበብ የሚሆን የመረጃ ሥራ እያሰናዳን ነው። ተማሪዎቹ የየሰፈራቸውን የምርጫ ክልል ይዘው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማን እንደተወዳደረ፣ ማን ስንት ድምፅ እንዳገኘ፣ የተመረጠውም ሰው ምክር ቤት ገብቶ ምን እንደተሠራ ከሰነድ ራሳቸው ፈልገው እንዲያወጡ ነው የምንፈልገው። ለየትኛውም ፓርቲ አይወግንም፤ ቁጥሩን አንብቦ መጠየቅ የሚችል ዜጋ እንዲወጣ ነው።

እጃችን ላይ ያለው የአራቱ ምርጫዎች ውጤት ነው፤ ከፊሉ ስካን የተደረገ ወረቀት፣ ከፊሉ ፒዲኤፍ፣ ጥቂቱ ኤክሴል። የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥና የተወሰኑ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎችም አሉ። ያስቸገሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ በአንዱ ዓመት «ሰሜን ጎንደር» የተባለው በሌላው «ማዕከላዊ ጎንደር» ሆኖ ይመጣል፤ ስለዚህ በዞን ስናገናኝ ግማሹ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከአንዳንድ ፒዲኤፍ ጽሑፉን ኮፒ ስናደርግ አማርኛው ወደማይነበብ የላቲን ፊደል ይቀየራል። ሦስተኛ፣ የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። አራተኛ፣ የምክር ቤት አባል በየአዋጁ ላይ የሰጠውን ድምፅ በስሙ ማግኘት ይቻላል ወይ?

የሚያውቅ ቢያግዘን እናመሰግናለን።


ቀሃ_ዳር፦

እህቴ፣ ሥራው የሚደገፍ ነው። ከዞኑ በፊት ግን ዓመተ ምሕረቱን አጥሩት፤ በዚህ ዓይነት ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው እሱ ነውና። «የ2007 የሕዝብ ቆጠራ» የሚባለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ግንቦት 1999 የተካሄደው ነው፣ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ ኅዳር 2000። «የ2007 ምርጫ» ሲባል ግን በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 ቀን 2007 የተደረገው ነው። ሁለቱን «2007» በሚል አንድ ዓምድ ካገናኛችኋቸው ኤክሴሉ ምንም ስሕተት አያሳያችሁም፤ በመካከላቸው ያለው የስምንት ዓመት ልዩነት ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ለየብቻ ይኑሯችሁ።

ዓመቱ ብቻውን ምርጫውን አይለይም። 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ አብዛኛው ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲካሄድ በሶማሌና በሐረሪ ክልሎችና በሌሎች በቀሩ ቦታዎች መስከረም 20 ቀን 2014 ነበር። ያው ምርጫ ነው፣ ዓመቱ ግን ሁለት ነው። በ1997ም ግንቦት 7 ከተሰጠው ድምፅ በኋላ ነሐሴ 15 ቀን በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ተመርጧል፤ የሶማሌ ክልልም የመረጠው ያን ቀን ነው። ለእነዚያ የምርጫ ክልሎች ሁለት ውጤት ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁለቱንም አስቀምጡ፣ የመጀመሪያውን አታጥፉ። «ምርጫ ቁጥር» (3ኛ፣ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ) እና «ዙር» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምሩና የትኛው የጸና ውጤት እንደሆነ ምልክት አድርጉ።

አሁን ወደ ዞኑ። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ተከፍሏል፦ መቀመጫው ደባርቅ የሆነው ሰሜን ጎንደር፣ ጎንደር ላይ የሚቀመጠው ማዕከላዊ ጎንደር፣ ገንዳ ውኃ ላይ የሚቀመጠው ምዕራብ ጎንደር። አደገኛው ነገር «ሰሜን ጎንደር» የሚለው ስም አለመጥፋቱ ነው። በ2007 ውጤት ላይ ያለው ሰሜን ጎንደር መተማንና ቋራን ይጨምራል፤ ከክፍፍሉ ወዲህ ያለው አይጨምርም። በቆጠራው 2,929,628 ሕዝብ የተመዘገበው አሮጌው ዞን ነው፤ ያን ቁጥር ለአዲሱ ሰሜን ጎንደር የሰጠ ሰው ስሌቱ ሁሉ ይፋለስበታል።

ስለዚህ ዞንን መለያ አታድርጉት። መለያው የምርጫ ክልሉ ነው። ለፌዴራሉ ምክር ቤት አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፍላለች፤ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። ዞንና ወረዳ ሲከፈሉና ሲሰየሙ የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር እንዳለ ቆይቷል። ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል የራሳችሁን የማይለወጥ ቁጥር ስጡ፤ ከዚያ በሌላ ገጽ ላይ ያ ቁጥር በየምርጫው የተጠራበትን ስም፣ የነበረበትን ዞንና የሚያካትታቸውን ወረዳዎች ዘርዝሩ። ደምቢያ አሁን ምሥራቅና ምዕራብ ደምቢያ ሆኗል፣ በለሳም እንደዚያው፣ አለፋና ጣቁሳም ለየብቻ ወረዳ ናቸው። ይህን ገጽ መሥራት አሰልቺ ነው፣ ያለ እሱ ግን የቀረው ሁሉ አይቆምም።

የደቡቡን ክልል መረጃም የምትነኩ ከሆነ ያው ነው፦ የቀድሞው ደቡብ ክልል 123 ወንበሮች ዛሬ በሲዳማ፣ በደቡብ ምዕራብ፣ በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተበታትነዋል።


ሠንጠረዥ_ቤት፦

ስለ ፎንቱና ስለ ስሙ ልመልስ።

ፒዲኤፉ ላይ አማርኛ እያያችሁ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና ምልክት የሚሆነው ሰነዱ በድሮ ፎንት ስለተጻፈ ነው፤ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና መሰሎቹ። እነዚህ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ አስቀምጠው ነው የሚያሳዩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ኮዱን እንጂ ቅርጹን አይደለም። መጀመሪያ በፒዲኤፍ ማንበቢያው የሰነዱን መግለጫ ከፍታችሁ የፎንቶቹን ስም እዩ። ፎንቱ ከታወቀ ለእሱ የተሠራ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ተጠቀሙ። የአንዱ ፎንት መቀየሪያ ለሌላው አይሠራም፤ የፊደል ድርድራቸው የተለያየ ነውና። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት ፎንት ተደባልቆ ከሆነ ጊዜ አታጥፉ፤ ገጹን ወደ ሥዕል ለውጡና እንደ ስካን ያዙት።

ለስካን ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ሥዕሉ በኢንች ከ300 ነጥብ ያላነሰ ይሁን፣ ያዘነበለውን ገጽ አቅኑ፣ የሠንጠረዡን መስመሮች ከተቻለ አጥፉ፤ መስመሩን ከፊደል ጋር ያጣብቀዋል። የሚያምታቱት ይታወቃሉ፦ ለ፣ ሉ እና ሊ፤ ዕ እና ፅ፤ ከቁጥር ደግሞ 1 እና 7፣ 3 እና 8። ለጎንደርና ለዙሪያው ብቻ ከሆነ ግን የኔ ምክር በእጅ ጻፉት ነው። ሁለት ተማሪ ሳይተያዩ ለየብቻ ይጻፉ፣ ከዚያ ሁለቱን ገጾች ሕዋስ በሕዋስ አነጻጽሩ፤ የተለያዩበትን ብቻ ከወረቀቱ ጋር ታመሳክራላችሁ። ለትንሽ ሠንጠረዥ ከማሽን ንባብ የበለጠ ንጹሕ ውጤት ይሰጣል።

ኤክሴል ላይ ሁለት ጥንቃቄ። ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ስታስቀምጡ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ካልመረጣችሁ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። ስትከፍቱም ፋይሉን ዝም ብላችሁ አትጫኑት፤ ከ«ዳታ» ዝርዝር አስገቡትና 65001 የሚለውን የኮድ ገጽ ምረጡ። ሁለተኛው፣ «ቀበሌ 07» ዜሮውን ጥሎ 7 ይሆናል፣ «07/08» ብላችሁ የጻፋችሁት ቀን ሆኖ ይቀየራል። ዓምዱን ከመለጠፋችሁ በፊት «ቴክስት» አድርጉት።

ስሞቹስ? ዋናውን አጻጻፍ ሳትነኩ ከጎኑ «ማነጻጸሪያ» የሚል ዓምድ ክፈቱና እዚያ ላይ ብቻ ፊደሉን አንድ አድርጉ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሃ እና ኃም ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ፤ ሰባቱንም እርባታ ይዛችሁ። እዚህ ከተማ ላይ የማይረሳ አለ፦ «ጎንደር» እና «ጐንደር»። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሁለቱም በብዛት ይታያሉ፤ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ጎ እና ጐ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ማጣሪያው ግማሹን ረድፍ ይጥልባችኋል። ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ አድርጉ። በፊደል ለውጥ የማይፈቱም አሉ፦ ቋራ እና ቁዋራ፣ ደምቢያ እና ደንቢያ፣ ጃናሞራ እና ጃን አሞራ፣ ጭልጋ እና ጪልጋ። ለእነዚህ የተለዋጭ ስም ዝርዝር በእጅ መሥራት ነው።

በሰው ስም ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ማዕረጉን አንሡ፦ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ዶ/ር፣ ኢ/ር፣ ፕ/ር። ከዚያ በኋላ ነው ምሕጻሩ የሚፈታው፦ ገ/ ገብረ፣ ኃ/ ኃይለ፣ ወ/ ወልደ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት «ወ/ሮ» «ወልደሮ» ሆና ትወጣለች። ወ/ እና ተ/ ደግሞ አሻሚ ናቸው፤ ወ/ ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል፣ ተ/ ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል። በማሽን አትፍቷቸው፣ ለይታችሁ በዓይን እዩ። ባዶ ቦታንም ከማነጻጸሪያው ዓምድ አጥፉ፤ ገብረ መድኅን እና ገብረመድኅን አንድ ሰው ነውና። በመጨረሻ ስምን ብቻውን አታገናኙ፤ ስም ከነአባት ከነአያት፣ ከምርጫ ክልልና ከምርጫ ቁጥር ጋር ይሁን። ለሕዝብ በምታሳዩት ሠንጠረዥ ላይ ግን ባለቤቱ የጻፈው አጻጻፍ ይውጣ።


አንገረብ_ማዶ፦

እግዜር ይስጥልን፣ «ጐንደር» የሚለው ብቻውን ብዙ የጠፉ ረድፎችን መለሰልን።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ለማነጻጸር ብለን የክልል ምክር ቤቱንም ውጤት አስገብተን ነበር። በእሱ ላይ የዕጩዎች ድምፅ ሲደመር ድምፅ ከሰጠው ሰው ቁጥር ይበልጣል፤ ለተወካዮች ምክር ቤት ግን ልክ ይመጣል። ሰነዱ ተሳስቶ ነው?


ማራኪ_ሰፈር፦

አልተሳሳተም። ለተወካዮች ምክር ቤት አንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ነው የሚመርጠው፣ መራጩም አንድ ምልክት ያደርጋል። ለክልል ምክር ቤት ግን ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ይመረጣል፤ የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ ሲኖረው ለተወካዮች ያለው 138 ነው። መራጩ እስከ ወንበሩ ቁጥር ድረስ ብዙ ዕጩ ላይ ምልክት ማድረግ ስለሚችል የድምፁ ድምር ከሰዉ ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ አትደምሩ፤ የክልሉን በመቶኛ ለማስላት ከፈለጋችሁም በወረቀቱ ቁጥር አካፍሉ እንጂ በድምፁ ድምር አይደለም።

ለተወካዮች ምክር ቤት ሠንጠረዥ ይህን ማረጋገጫ በየረድፉ አስገቡ፦ የዕጩዎች ድምፅ ድምር ሲደመር ዋጋ አልባ ድምፅ፣ ከሳጥን ከወጣው ወረቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከሳጥን የወጣው ሲደመር ያልተሠራበት ሲደመር የተበላሸ፣ ጣቢያው ከተረከበው ጋር እኩል መሆን አለበት። ድምፅ የሰጠው ደግሞ ከተመዘገበው አይበልጥም። «የተበላሸ» እና «ዋጋ አልባ»ን አታምታቱ፤ የተበላሸው መራጩ አበላሽቶ መልሶ ሌላ የተቀየረለት ነው፣ ሳጥን ውስጥ አልገባም። ዋጋ አልባው ሳጥን ገብቶ ሲቆጠር ለማን እንደሆነ ያልታወቀ ነው። ልዩነት ካገኛችሁ ቁጥሩን አታስተካክሉ። «ልዩነት» የሚል ዓምድ ላይ ስንት እንደጎደለ ጽፋችሁ ተዉት። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የመገልበጥ ስሕተት ስለሆነ መጀመሪያ የራሳችሁን ጽሑፍ ከዋናው ወረቀት ጋር አመሳክሩ።


ቃለ_ጉባኤ፦

አራተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። የእያንዳንዱን አባል ድምፅ በስሙ ማግኘትን መነሻ አድርጋችሁ ሥራ አታቅዱ። የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው በአብዛኛው እጅ በማውጣት ነው፤ ይፋ የሚሆነውም ድምሩ ነው፦ «በሙሉ ድምፅ»፣ ወይም «በዚህን ያህል ተቃውሞና በዚህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ»። በሌላ አገር ተማሪዎች የሚሠሩትን የአባላት ሠንጠረዥ እዚህ ልሥራ ያለ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ከድምሩ ግን ብዙ ማውጣት ይቻላል፣ አካፋዩ ከታወቀ።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው። የካቲት 23 ቀን 2010 ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ላይ ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ የተነገረው 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። በኋላ ድጋፉ 395 ተብሎ ታረመ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ለዚህ የሚጠይቀው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት አባላት 539 ስለሆኑ ሁለት ሦስተኛው 359.3 ነው፣ ማለትም 360 ሰው። በ547 ብታካፍሉ 365 ይሆናል። 346 ከሁለቱም ያንሳል፣ 395 ከሁለቱም ይበልጣል። ድምሩንም እዩት፦ በመጀመሪያው 441፣ በታረመው 490። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም፤ በየድምፅ አሰጣጡ አምስት ነገር ይመዘገብ፦ የነበሩ አባላት፣ የተገኙ፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ተአቅቦ። እርማት ካለም የመጀመሪያው ቁጥር ሳይጠፋ ከነቀኑ ይቀመጥ።

የሚፈለገውን አብላጫም ለዩ። ለመደበኛ ሕግ ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ አባላት መገኘት ነው፣ ውሳኔውም በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ ከአባላቱ ሩብ ብዙም ባልራቀ ድጋፍ ሊጸድቅ ይችላል።

አሁን ስለ ነጋሪት ጋዜጣ። ለምክር ቤት ሥራ ከሁሉ የተሟላው መረጃ እሱ ነው፤ የፌዴራል አዋጆች ቁጥር ከ1/1987 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነው። ዓመቱ ቢለወጥም ቁጥሩ እንደገና ከ1 አይጀምርም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ መለያ አድርጉ። የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጁ በአማርኛው 1162/2011 ነው፣ በእንግሊዝኛው 1162/2019። «ቁጥር/ዓመት»ን መለያ ካደረጋችሁ አንዱ ሕግ ሁለት ይሆናል። የምርጫ ቦርድ ማቋቋሚያው 1133/2011 ነው፣ ከእነዚህ በፊት የነበረው የምርጫ ሕግ ደግሞ 532/1999። ደንቦች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ናቸው፣ ቁጥራቸውም ሌላ ነው፤ ከአዋጅ ጋር አትደባልቁ።

«ይህ ምክር ቤት ስንት ሕግ አወጣ» ከማለታችሁ በፊት አዋጆቹን በዓይነት ክፈሉ። ብዙዎቹ የብድር ስምምነትና የዓለም አቀፍ ስምምነት ማጽደቂያዎች ናቸው፤ በየዓመቱም የበጀት አዋጅ አለ። እነዚህን ሳትለዩ ብትቆጥሩ ብዙ ብድር የጸደቀበት ዓመት ብዙ ሕግ የወጣበት ይመስላል። አራት ክፍል ይበቃል፦ የብድርና የስምምነት ማጽደቂያ፣ በጀት፣ ማሻሻያ፣ አዲስ ሕግ።

ቀኖቹም ሦስት ናቸው፦ ምክር ቤቱ ያጸደቀበት፣ ፕሬዚዳንቱ የፈረሙበት፣ ጋዜጣው የታተመበት። በአንቀጽ 57 መሠረት ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ሳይፈረም በሥራ ላይ ይውላል። ከማጽደቅ እስከ መታተም ያለውን ቀን መቁጠር ራሱን የቻለ ጥሩ የተማሪ ሥራ ነው። የምክር ቤቱ መደበኛ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ያ ማለት ግን በክረምት ሕግ አይወጣም ማለት አይደለም። ራሱ አዋጅ 1162 የጸደቀው ነሐሴ 18 ቀን 2011 በተጠራ ስብሰባ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ያሉትን ረድፎች «ስሕተት ነው» ብሎ የሚሰርዝ ተማሪ እንዳይኖር።

አንድ የመጨረሻ፦ 5ኛው ምክር ቤት አምስት ዓመት አይደለም የቆየው። ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም ዘመኑም ተራዝሞ 6ኛው ምክር ቤት ሥራ የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። የአንዱን ዘመን ከሌላው ስታወዳድሩ በዓመት አማካይ አድርጉት።


አዘዞ_መንገድ፦

ወደ ውጤቱ ስሌት ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ተማሪዎች ቶሎ የሚጠይቁት «የአንድ ሰው ድምፅ በየቦታው እኩል ይመዝናል ወይ?» የሚለውን ነው። በእጃችሁ ባለው ቆጠራ ብቻ መመለስ ይቻላል።

የቆጠራው ጠቅላላ ሕዝብ 73,750,932 ነው። ለ547 ሲካፈል አንድ ወንበር በአማካይ 134,828 ሰው ይወክላል። የአማራ ክልል 17,221,976 ለ138፦ 124,797። ኦሮሚያ 26,993,933 ለ178፦ 151,651። ትግራይ 4,316,988 ለ38፦ 113,605። አዲስ አበባ 2,739,551 ለ23፦ 119,111። ጫፍና ጫፉ ሶማሌ (4,445,219 ለ23፣ 193,270) እና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ (784,345 ለ9፣ 87,149) ናቸው። የሁለቱ ልዩነት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። የዚህ አንዱ ምክንያት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው፤ አንቀጽ 54 ከወንበሮቹ ቢያንስ 20ውን ለአናሳ ብሔረሰቦች ይይዛል፤ ስለዚህ ትናንሽ የምርጫ ክልሎች መኖራቸው ታስቦበት ነው። ሌላው የወንበሮቹ ድልድል ከቆጠራው በፊት የነበረ መሆኑ ነው። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ደግሞ ሌላ ቆጠራ ስላልተካሄደ የዛሬውን ልዩነት በዚህ ቁጥር አትናገሩ፤ «በ1999 ቆጠራ መሠረት» ብላችሁ ጻፉ። በትንበያ ቁጥር የምትሠሩ ከሆነ ለሁሉም ክልል የአንድ ዓመት ትንበያ ይሁን።

የአሥራ አንዱን ክልሎችና ከተሞች ቁጥር ብትደምሩ ከአገሩ ድምር 96,754 ይጎድላል። አትደንግጡ፤ በቆጠራው ከየትኛውም ክልል ሳይደመሩ «ልዩ የቆጠራ ቦታ» ተብለው የተያዙ ሰዎች ናቸው።

ጎንደር ከተማ በዚያ ቆጠራ 207,044 ነበረች። በክልሉ አማካይ ሲካፈል 1.66 ወንበር ይሆናል። ተማሪዎቹ ይህን በከተማዋ ካሉት የምርጫ ክልሎች ጋር ያመሳክሩት፤ አንድ የምርጫ ክልል ከከተማው ውጭ ያሉ ቀበሌዎችን ይጨምር እንደሆነም መጀመሪያ ያጣሩ።

የምክር ቤቱን የፓርቲ ስብጥር ለማነጻጸር «ውጤታማ የፓርቲዎች ቁጥር» የሚባለው መለኪያ ቀላል ነው፤ ወንበሩ በስንት እኩል ፓርቲዎች የተያዘ ያህል እንደሆነ ያሳያል። የእያንዳንዱን ፓርቲ የወንበር ድርሻ በራሱ አባዙ፣ ሁሉንም ደምሩ፣ 1ን ለድምሩ አካፍሉ። በ1997 ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የሶማሌው ፓርቲ 23፣ ኦፌዴን 11 ነበሩ፤ ከጥቃቅኖቹ ጋር 2.45 ይመጣል። በ2007 ኢሕአዴግ 500፣ የቀሩት 47 የአጋር ፓርቲዎች፦ 1.19። በ2013 ሐምሌ 3 ቀን በተገለጸው ውጤት ከ436 ወንበር 410 የብልጽግና፣ 5 የአብን፣ 4 የኢዜማ ሆኖ የቀሩት ሲጨመሩ 1.13። የ2013ቱን በ547 እንዳታካፍሉ፤ የትግራይ 38 ወንበሮች ምርጫ አልተካሄደባቸውም፣ ሌሎችም ያን ቀን ውጤታቸው አልተገለጸም ነበር። አካፋዩን ከነቀኑ ከሥሩ ጻፉ።

ኢሕአዴግን እንደ አንድ ወይስ እንደ አራት እንቁጠር? መልሱን ከመጀመሪያው ወስኑና ለሁሉም ዓመት አንድ አድርጉት። እኔ ሁለት ዓምድ እላለሁ፦ «ፓርቲ» እና «ግንባር ወይም ጥምረት»። በእኛ አካባቢ ብአዴን የሚለው ኋላ አዴፓ ሆነ፣ ከዚያ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ፤ ቅንጅትም ኅብረትም የብዙ ፓርቲዎች ስብስብ ነበሩ። በስም ብቻ የሄደ ሰው «ብአዴን በ2013 ምንም ድምፅ አላገኘም» የሚል የማይረባ መስመር ይጽፋል።

የሴቶችን ድርሻ ለማየት የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት ፓርላይን የሚባለውን መዝገብ ተጠቀሙ፤ በ2002 ከ547 አባላት 152፣ በ2007 ደግሞ 212 ሴቶች ነበሩ። እዚያ ያለው ዓመት በሙሉ በፈረንጆች ነው።


አንገረብ_ማዶ፦

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ካርታም ልንሠራ አስበናል፤ የምርጫ ክልሎቹን ወሰን ፋይል ግን አላገኘንም። የወረዳውን ካርታ ብንጠቀም ያስኬዳል?


ቀሃ_ዳር፦

ያስኬዳል፣ ግን በጥንቃቄ። ሂውማኒቴሪያን ዳታ ኤክስቼንጅ ከሚባለው የመረጃ ድረ ገጽ የወረዳ ወሰን ፋይሉን ታወርዳላችሁ፤ እያንዳንዱ ወረዳ መለያ ኮድ አለው፣ የአማራ ክልል ኮዶች በ«ኢቲ03» ይጀምራሉ። የፋይሉን ዓመት አስቀድማችሁ እዩ፤ አንዳንዱ እትም አንዱን ሰሜን ጎንደር፣ ሌላው ሦስቱን ዞን ይዟል። ኪው ጂ አይ ኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም ከፍታችሁ ቀደም ብዬ ያልኩትን የወረዳና የምርጫ ክልል ገጽ በኮዱ አገናኙ፤ ከዚያ አንድ የምርጫ ክልል ቁጥር ያላቸውን ወረዳዎች «ዲዞልቭ» በሚለው መሣሪያ አዋህዷቸው። አንድ ወረዳ ለሁለት የምርጫ ክልል የሚከፈልበት ቦታ ላይ መስመር ከግምት አታስምሩ፤ ወረዳውን በአንድ የተለየ ቀለም ቀቡና ሁለቱን ውጤቶች በጽሑፍ አስቀምጡ። የመራጩን ብዛት በመሬት ስፋት አታሳዩ፤ ቋራና መተማ ሰፊ ናቸው፣ የሚኖርባቸው ሰው ግን ከስፋታቸው ያነሰ ነው። በመካከሉ ላይ ክብ አድርጋችሁ የክቡን ስፋት በተመዝጋቢው ቁጥር ለኩት።

አርማጭሆዎቹን ስትመድቡ መቀመጫቸውን ከጎን ጻፉ፤ ላይ አርማጭሆ ትክል ድንጋይ፣ ታች አርማጭሆ ሳንጃ። ላይና ታች በስካን ሲነበቡ ሲምታቱ የምታውቁት በዚያ ነው።